የተሸጠ ዕቃ አይመለስም

«ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ተኳሽ ነኝ» እላለሁ። ሰው ክው ይላል። የምተኩሰው በካውያ መሆኑ እስኪገባው ድረስ ዝም ብዬ ፊቱን አያለሁ፤ ከደሞዜ ቀጥሎ የሥራዬ ጥቅም ይሄ ነው። የምተኩሰው እትዬ ቤት ነው። በዕድሜ እኔ እበልጣታለሁ፣ ግን አሠሪዬ ናትና እትዬ እላታለሁ። እሷ ቀሚስ ትሰፋለች፣ በስልክ ትሸጣለች፤ እኔ ተኩሼ፣ አጥፌ፣ ፌስታል ውስጥ አሽጌ ለሞተረኛው እሰጣለሁ። ከዚያ ሞተረኛው ያንኑ ቀሚስ መልሶ ያመጣዋል፤ እኔም ያንኑ ቀሚስ እንደገና እተኩሳለሁ። የማወራው ስለ እትዬ ነው። ስለ እትዬ ሲወራ ግን ታናሽ እህቷን ሚጢን ሳያነሱ አይሆንም። እትዬ ራሷም ሳታነሳት ውላ አታውቅም።

የምንሠራው ከመኖሪያ ቤቱ ጎን በተቀጠለች ክፍል ውስጥ ነው። በአንድ በኩል የስፌት መኪናው፣ በሌላ በኩል የኔ ጠረጴዛ፣ መሀል ላይ ልብስ የሚሰቀልበት ብረት፣ ጥግ ላይ ቁመተ ረጅም መስታወት። መስኮቱ ሥር የሁለቱ እህትማማቾች እናት፣ እማማ፣ ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ። ጆሯቸው የሚፈልገውን ብቻ ይሰማል። የእትዬ ባል ከባድ መኪና ስለሚነዳ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው፤ ስለዚህ የሴት መንግሥት ነን።

ከመስታወቱ በላይ አንድ አሮጌ ሰሌዳ ተሰቅሏል። አባታቸው በሕይወት ሳሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሱቃቸው በር ላይ በገዛ እጃቸው በቀይ ቀለም የጻፉት ነው፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። እሳቸው ሲያርፉ ሚጢ መቀሳቸውን ወሰደች፣ እትዬ ሰሌዳውንና ሜትራቸውን። ሜትሩ ጫፉ ተበልቶ ስላለቀ የሚጀምረው ከሦስት ነው። አባትየው ግን አዲስ መግዛት አሮጌውን መካድ ሆኖ ይታያቸው ነበር መሰለኝ፣ ሲለኩ ሁልጊዜ «ሲቀነስ ሦስት» ይሉ ነበር አሉ። እትዬም ወረሰችው። «ወገብ ሰባ ስድስት፣ ሲቀነስ ሦስት» ትላለች። እኔም ከመልመዴ ብዛት አሁን አሁን እሷ ሳትጨርስ እጨርስላታለሁ።

ሰሌዳውን ጊዜ ከዳው። ዕቃውን በእጁ ሳይዝ በስልክ የገዛ ሰው፣ ከደረሰው በኋላ እስከ አንድ ሳምንት ድረስ መመለስ ይችላል የሚል ሕግ ወጣ። ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ይመለስለታል፤ ምክንያት አይጠየቅም። እውነቱን እንናገር ከተባለ ሕጉ ክፉ አይደለም። እኔ ራሴ በፎቶ ሐር መስሎ የታየኝ ሻርፕ ስቀበለው የድንች ጆንያ ሆኖብኝ ያውቃል፤ ያኔ ይህ ሕግ ቢኖር ሻጩ ፊት ላይ እወረውርለት ነበር። ትልልቆቹ ሻጮችም ብዙ አይጎዱም። መጋዘን አላቸው፣ የራሳቸው መኪና አላቸው፣ ከሄደው ግማሹ ቢመለስ በሌላው ያካክሱታል። እትዬ ያላት ግን አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ እማማ እና አንድ እኔ ነን። ቀሚስ ሲመለስባት የሞተረኛው መሄጃም መምጫም ከሷ ነው፤ ገዝታ የቆረጠችው ጨርቅ ብረቱ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል፤ የሰው ገላ የነካው ልብስ ደግሞ አዲስ ነው ተብሎ አይሸጥም። አጭበርባሪ ለመያዝ የወጣ ሕግ እሷን ያዛት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

የተመለሰን ፌስታል መጀመሪያ የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ብዙ አይቻለሁ። ሽቶው አፍንጫ የሚሰነጥቅ፣ ብብቱ ላይ ነጭ መስመር ያለበት፣ አንዴማ ኪሱ ውስጥ የሰርግ ጥሪ ካርድ የተረሳበት! አንዷ ደግሞ አንድ ዓይነት ቀሚስ በሦስት ልክ አዘዘችና አንዱን አስቀርታ ሁለቱን ላከችልን፤ እኛን ሱቅ፣ ቤቷን መልበሻ ክፍል አደረገችው። እነዚህ ያናድዳሉ፣ ግን ያስቃሉም። እትዬን የገደላት ሌላው ነው። አብዛኞቹ ቀሚሶች ሳይለበሱ፣ በሥርዓት ታጥፈው፣ በጨዋ ደንብ ነው የሚመለሱት። «አመሰግናለሁ፣ አልተመቸኝም።» አለቀ። ለምን አልተመቸሽም? ሕጉ አይጠየቅም ይላል። ሕጉ ጠይቂ ቢላትም እትዬ አትጠይቅም ነበር፤ ኩራቷ ከሕጉ ይብሳል።

እንዳትታዘቡኝ፣ እጇ ጎበዝ ነው። አዲስ ቅድ ስታወጣ የምትደክመውን ድካም እኔ ነኝ የማውቀው። ሌላ የምታለብሰው ሰው ስለሌላት ራሷ ለብሳው መስታወቱ ፊት ትቆምና በስፒል እያስያዘች፣ እየፈታች፣ ትከሻውን እያነሳች፣ ወገቡን እያጠበበች ትውላለች። ከዚያ በዚያው ልክ ሌላውን ሁሉ ትቆርጣለች። «በኔ ላይ ካማረ በማንም ላይ ያምራል» የምትለው አባባል አላት። ስትናገረው ግራ ትከሻዋ ላይ ያለውን ልብስ ወደ ላይ ሳብ ታደርጋለች። ይህ አመሏ ነው፤ የራሷን ሸሚዝም ሹራብም ቀኑን ሙሉ ስትስብ ነው የምትውለው። «ጨርቅ ድሮ ቀረ» ትላለች።

አሁን ወደ ሚጢ። ሚጢ ስፌት የተማረችው በዚሁ መኪና ላይ ነው። አባትየው ካረፉ በኋላ እትዬ አጠገቧ አስቀምጣ ቁልፍ ታስተክላት፣ ዝምዝማት ታሠራት ነበር። አንድ ቀን ሚጢ «እኔም የራሴን ልሞክር ነው» አለች፤ ብዙም ሳትቆይ የራሷን ፔጅ ከፈተች። እትዬ ይህን ከስርቆት ቆጠረችው። «በመኪናዬ ተምራ፣ ደንበኞቼን ይዛብኝ ሄደች» ትላለች። ደንበኞቹን ይዛ አልሄደችም፤ ደንበኞቹ ናቸው በእግራቸው የሄዱት። ይህን ለእትዬ ማን ደፍሮ ይነግራታል? እኔ መተኮሴን እቀጥላለሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ የሚተያዩት ሚጢ እናቷን ልትጠይቅ ስትመጣ ብቻ ነው። እሷ በበሩ ስትገባ እትዬ የመኪናውን ፔዳል ትረግጣለች፤ በዚያ ጩኸት መሀል ሰላምታ ቢኖርም አይሰማም።

እና ሚጢ ምንም አይመለስባትም።

ይህን የነገረን ሞተረኛው ነው። የሁለቱንም ዕቃ የሚያመላልሰው እሱ ነው፤ አፉ ደግሞ ከሞተሩ ይፈጥናል። «እዚያ ቤት እኮ መሄጃ ብቻ ነው» አለ አንድ ጠዋት፣ የተመለሱ ፌስታሎች ጠረጴዛዬ ላይ እየዘረገፈ። «መምጫ የለም። እኔ የምጠቀመው በናንተ ነው፤ እግዜር ይስጣችሁ።» እትዬ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። እማማም በዚያች ሰዓት ጆሯቸው ሰላሳ ዓመት ወደ ኋላ ተመለሰላቸው። «የሚጢ እጅ የአባቷ ነዋ» አሉ።

«እኔ እኮ አልቀናሁም» አለች እትዬ። ማንም ቀናሽ አላላትም።

ቅናት አጥንት ያነቅዛል ይባላል። የእትዬ አጥንት መንቀዙን አላየሁም፤ ዓይኗ ግን ስልኳ ላይ ተለጥፎ ቀረ። በሌላ ስም፣ በአበባ ፎቶ ሌላ አካውንት ከፍታ የሚጢን ፔጅ ቀን ከሌት ትጠብቃለች። ሚጢ አዲስ ቀሚስ ስትለጥፍ ከኛ ቀድሞ የሚያይ የለም። «ይሄ ቀለም መጀመሪያ የኔ ነበር። ይሄ አንገት የኔ ነው። አየሽ ይቺን? አምና ከኔ አይደል የገዛችው?» ትለኛለች። ኮሜንት ስታነብ ከንፈሯን ትነክሳለች። «እጅሽ ይባረክ» የሚል ካየች ስልኩን ታስቀምጠዋለች፤ ወዲያው ደግሞ ታነሳዋለች። በመጀመሪያ «ለደንበኛ ጉቦ ትሰጣለች» አለች። ቀጥላ «የተመለሰውን ትደብቀዋለች» አለች። በመጨረሻ ምሳዋን መተው ጀመረች። እኔ ይህን ሁሉ ሳይ አዝናለሁም፣ እስቃለሁም፣ እፈራለሁም። የምፈራው፣ አንድ ሰውዬ መጥቶ የስፌት መኪናውን ዞር ዞር ብሎ አይቶት ስለሄደ ነው። «ይህ ወር እንዳለፈው ካለፈ እሸጠዋለሁ፤ ክፍሉንም አከራየዋለሁ» አለችኝ እትዬ፣ ፊቷን ሳታዞር። መኪናው ከተሸጠ ደግሞ የሚተኮስ የለም። ተኳሽ ያለ ጦር ሜዳ ምን ይሠራል?

ሁሉን ያፈነዳው ሰማያዊው ቀሚስ ነው። አንዲት ደንበኛ ከኛ ገዝታ በአራተኛው ቀን «አመሰግናለሁ፣ አልተመቸኝም» ብላ መለሰችው። በሳምንቱ እትዬ ስልኳን እያየች ጮኸች፤ መርፌ የወጋት መስሎኝ ሮጥኩ። ያቺው ሴት፣ ሚጢ የሰፋችላትን ቀሚስ ለብሳ፣ ጥርሷ እስኪታይ ስቃ ፎቶ ተነስታለች። ከሥሩ «በስንት ፍለጋ ልኬን አገኘሁ!» ብላ ጽፋለች።

«እሷም ትቅመሳት» አለች እትዬ።

«ምኑን?»

«መመለስን። ቀሚስ አዝዣት፣ ውስጡን ፈትቼ ሚስጥሯን አይቼ፣ መልሼ ሰፍቼ፣ በሳምንቱ የመጨረሻ ቀን እመልስላታለሁ። ሕጉ ይፈቅድልኛል። ምክንያት አይጠየቅም! ዕቃ ሲመለስ እንዴት እንደሚያቃጥል ትየው።»

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው ብዬ አሰብኩ፤ አፌ ግን «በማን ስም?» አለ። አፌ ጠላቴ ነው። ሁለተኛ ሲም ካርድ ያለኝ እኔ ነኝና በኔ ሆነ። እትዬ የመረጠችው የሚጢን አስቸጋሪ ሥራ ነው፦ ጥቁር አረንጓዴ፣ ገበር ያለው፣ እጅጌው ተነፋፍቶ ወደ አንጓ የሚሰበሰብ ቀሚስ። «እዚህ ላይ ካልተሳሳተች የትም አትሳሳትም» አለች።

ችግሩ፣ ሚጢ በጽሑፍ ብቻ ትዕዛዝ አትቀበልም። ደንበኛዋን ደውላ ታናግራለች። ድምፄን ደግሞ አሳምራ ታውቀዋለች። ስልኩ ሲጮህ እትዬ ፈጠን ብላ የልብስ መቆንጠጫ አፍንጫዬ ላይ ሰካችልኝ። ያመኝ ሕመም!

«ሄሎ እህቴ፣ ስላዘዝሽ አመሰግናለሁ» አለች ሚጢ። «ጉንፋን ነው እንዴ?»

«አዎ፣ ይዞኝ ነው» አልኩ በተቆነጠጠ ድምፅ።

«ይማርሽ። ገላሽን አትለኪልኝ እሺ? ሰው ራሱን ሲለካ ሆዱን ይስባል። ከቁምሳጥንሽ ከሁሉም የሚመችሽን አንድ ልብስ አውጪና ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ እሱን ለኪው።»

እትዬ ሰማች። ግንባሯን ቋጠረች፤ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ጭራሽ አስባው አታውቅም። ወደ መኝታ ቤት ገብታ ቆየች። ይዛ የመጣችው አንድ ያረጀ፣ ቡናማ፣ ክርኑ የሳሳ ቀሚስ ነው። «ሌላ የሚመቸኝ የለኝም» አለች በሹክሹክታ፣ እንዳፈረ ሰው። አባቷ ለመጨረሻ ጊዜ የሰፉላት ነው። ዘረጋችው፣ ሜትሩን ጣለችበት፣ እየለካች በጆሮዬ ነገረችኝ፣ እኔ ለስልኩ ደገምኩት።

«ደረት፣ መቶ አንድ፣ ሲቀነስ ሦስት» አልኩ።

በወዲያ በኩል ዝም አለ። የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ?» አልኩ።

«አለሁ» አለች ሚጢ። ድምፅዋ ተለወጠብኝ፤ ጉንፋኔ የተጋባባት ይመስል ነበር። «ቀጥይ እህቴ። ወገቡስ?»

«ሰማንያ አንድ፣ ሲቀነስ ሦስት።»

«እሺ። በቃኝ፣ ሌላውን አውቄዋለሁ። ይደርስሻል።»

መቆንጠጫውን ከአፍንጫዬ ነቅዬ «ለምንድን ነው ዝም ያለችው?» ብዬ ጠየቅኩ። «እየጻፈች ነዋ» አለች እትዬ። ሁለታችንም ጅሎች!

ቀሚሱ የመጣው በኔ አድራሻ ነው። ሞተረኛው ቤቴ በር ላይ ሲያየኝ ራስ ቁሩን አወለቀ። «ተኳሿ! ከሚጢ ገዛሽ? እትዬ ብትሰማ በራስሽ ካውያ ነው የምትጠብስሽ።» «ዝም በል፣ እህል አይግባብህ» ብዬ በጆንያ ከትቼ ወደ ሥራ ቤት ሮጥኩ።

እትዬ በሩን ቆለፈችና ቀሚሱን መብራት ሥር ገለባበጠችው። ስህተት ፍለጋ ነው። ስፌቱን በጥፍሯ ሄደችበት፣ ዚፑን ከፈተች ዘጋች፣ እጅጌውን ሳበች። ውጩን ስትጨርስ ውስጡን ገለበጠችው፤ ውስጡም እንደ ውጩ ንጹሕ ነው፣ አንድ የተንጠለጠለ ክር የለውም። ዓይኗ እንባ አቀረረ። የቅናት እንባ እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም። «እንዲህ አላስተማርኳትም» አለች። «ማን አስተማራት?» ከዚያ ለበሰችው።

መስታወቱ ፊት ቆመች። ወደ ግራ ዞረች፣ ወደ ቀኝ ዞረች፣ ቁጭ አለች፣ ተነሳች። እኔ ካውያዬን ይዤ አያታለሁ። የሆነ ነገር ጎድሏል፤ ምን እንደሆነ ግን ወዲያው አልመጣልኝም። ቆይቶ ገባኝ።

«እትዬ፣ አልሳብሽውም እኮ።»

«ምኑን?»

«ትከሻሽን። ከለበስሽው ጀምሮ አንዴም አልሳብሽውም።»

እጇ በልማድ ወደ ግራ ትከሻዋ ሄደና እዚያው ቀረ። ከዚያ ፈጥና አወለቀችው፣ የትከሻውን ውስጥ ዳበሰች። በግራ በኩል፣ በገበሩ ሥር፣ የታጠፈ ጥጥ ጨርቅ እንደ ቀጭን ስፖንጅ ተሰፍቷል። በቀኝ በኩል ምንም የለም።

«ረሳችው!» ብላ ዘለለች። ፊቷ በራ። «አየሽ? አንዱን ትከሻ ረሳችው! በአንድ ትከሻ ብቻ ስፖንጅ! ሃ! ይቺ ናት እንግዲህ የማይመለስባት?» ክፍሉን ዞረችው። እንደዚያ ደስ ሲላት ባሏ ሲመጣ እንኳ አላየሁም።

«ምን ረሳች?» አሉ እማማ ከወንበራቸው። «እስቲ አምጪው።» ቀሚሱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በጣታቸው ዳበሱት። «ምንም አልረሳች። አባትሽም እንደዚህ ነበር የሚያደርግልሽ።»

«ምኑን?»

«ግራሽ ዝቅ ይላል እኮ ልጄ። ከተወለድሽ ጀምሮ። ልጅ ናት ትሸማቀቃለች ብሎ ለሰው አይናገርም ነበር፤ ልብስሽን ሁሉ በዚህ ያስተካክለው ነበር። ሚጢም ታውቀዋለች፤ ክር ስታቀብለው አይታ ጠየቀችው፣ ነገራት።» እማማ ይህን የተናገሩት ዛሬ ዝናብ ይመጣል እንደሚሉት ነው። «እኔማ የምታውቂ መስሎኝ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ትከሻም እንደዚያው ነው ለካ። እትዬ ቡናማውን ቀሚስ አንስታ የግራ ትከሻውን ዳበሰች። እዚያም አለ፤ ከዕድሜ ብዛት እንደ ወረቀት ስስ ሆኗል። እኔ በዚህ መሀል ብረቱ ላይ የተሰቀለውን ሰማያዊ ቀሚስ፣ ያንን የተመለሰውን፣ አንስቼ በልብሴ ላይ አጠለቅኩት። እኔ ሁለት እኩል ትከሻ ነው ያለኝ፤ ከዚያ ሌላ እኩል ነገር ባይኖረኝም። መስታወቱ ፊት ስቆም ግራው ይጎትተኛል፣ አንገቱ ያጋድላል፣ ጫፉ በአንድ በኩል ይወርዳል። ሌላ ለበስኩ። እሱም እንደዚያው። እትዬ ሁሉንም በራሷ ላይ እያስተካከለች፣ ለራሷ ትከሻ እየቆረጠች፣ እኩል ትከሻ ላለው ዓለም ስትሸጥ ኖራለች። ደንበኞቹ አንድ ነገር እንዳልተመቻቸው ያውቃሉ፣ ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ሕጉ ምክንያት አይጠይቃቸውም፣ እኛም አልጠየቅናቸውም። ምክንያቱ ግን ይህን ሁሉ ጊዜ መስታወቱ ፊት ቆሞ ስፒል ይሰካ ነበር።

አሁን እትዬ ልቧ ይሰበራል፣ ወይም «እሰይ፣ ምክንያቱ ተገኘ» ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። እትዬን አላውቃትም ነበር።

«ለሷ ነገራት?» አለች። «የኔ ትከሻ! የኔ አባት! ለኔ ሳይነግረኝ ለሷ ነገራት?»

እና አለቀሰች። ለንግዱ አላለቀሰችም፤ አባቷ ሚስጥር ለታናሽየዋ በመስጠቱ ነው ያለቀሰችው፣ እንደ ስድስት ዓመት ልጅ፣ አፍንጫዋን በሜትሩ እየጠረገች። ቅናት ከአንድ ቤት ሲወጣ ጎረቤት ቤት ይገባል እንጂ አገር ጥሎ አይሄድም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የትከሻውን ነገር አላነሳችም። አንድ ነገር ግን አደረገች፤ እኔን መስታወቱ ፊት አቁማ ቅዶቿን በኔ ላይ አስተካከለች። በስፒል ስትወጋኝ «አትንቀሳቀሺ» ከማለት በቀር ይቅርታም አላለችኝ። አረንጓዴው ቀሚስ ብረቱ ላይ ተሰቅሎ ያየናል። ልትመልሰው ቆርጣለች። «ዕዳ አልፈልግም» አለች። ለሞተረኛው በራሷ ስልክ ደውላ በሳምንቱ የመጨረሻ ቀን መጥቶ እንዲወስድ ነገረችው፤ መደበቅም ትታዋለች።

በዚያ ቀን ጠዋት፣ ሞተረኛው ሳይመጣ፣ መርፌና ምላጭ ይዛ ቁጭ አለች። ስፖንጁ ስንት እጥፍ እንደሆነ ሳታይ ልትለቀው አልቻለችም። የገበሩን ስፌት ቀስ ብላ ፈታችው፣ የታጠፈውን ጥጥ አወጣችና ዘረጋችው። ከዚያ ሳትነቃነቅ ቀረች። ሰማያዊውን ቀሚስ መተኮሴን አቋርጬ በትከሻዋ ላይ አጮለቅኩ። ከመጨረሻው እጥፍ ውስጥ፣ በቀይ ክር፣ በእጅ ስፌት፣ በአባትየው የፊደል አጣጣል እንዲህ ተጽፏል፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»።

ሚጢ እህቷን ታውቃታለች። ማን እንዳዘዘ ብቻ ሳይሆን ለምን እንዳዘዘች አውቃለች። ቀና ያለ ሰው ይህን ጽሑፍ ለዘላለም አያገኘውም፤ የሚያገኘው ፈትቶ የሚያይ ቀናተኛ ብቻ ነው።

«ይቺ ተንኮለኛ» አለች እትዬ። ሳቀች፣ ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረ። «ይቺ ተንኮለኛ!» ጥጡን እንደነበረ አጠፈችው፣ መልሳ ሰፋችው፣ ቀሚሱን ለበሰችው። ፀጉሯን በእጇ ሰበሰበች። የሞተሩ ድምፅ በር ላይ ሲቆም ቦርሳዋን ይዛ ወጣች፤ እኔ ተከተልኳት።

«የሚመለሰው ዕቃ የት አለ?» አለ ሞተረኛው፣ ፌስታል አለመያዟን እያየ።

«የሚመለሰው እኔ ነኝ። ሚጢ ቤት አድርሰኝ።»

«እንዴ እትዬ! እኔ የዕቃ ነኝ እኮ፣ ሰው በምን ሂሳብ...»

«መሄጃውንም መምጫውንም እከፍላለሁ፣ ንዳ!» አለችና ቀሚሷን ሰብስባ ከኋላው ተቀመጠች።

ጨነቀኝ። እዚያ ደርሳ መንገድ ሙሉ ሰው ፊት የምታደርገውን ማን ያውቃል? «እትዬ፣ ምን ልትያት ነው?»

«ለምን እንዳልነገረችኝ እጠይቃታለኋ! ስንት ዓመት ስስብ እያየች!» ዓይኗ ቀልቷል፤ እንባ ይሁን ንዴት አልለየሁትም። «ምክንያት አይጠየቅም የሚለው ለደንበኛ ነው። እኔ እህቷ ነኝ። እጠይቃለሁ።»

ሞተሩ ተነሳ። ጥቂት ሄድ እንዳለ አንገቷን አዙራ «ደግሞ የእጅጌውን አሠራር ሳታሳየኝ አልመጣም!» ብላ ጮኸችብኝ፣ የምከለክላት እኔ የሆንኩ ይመስል።

ወደ ውስጥ ስመለስ እማማ በመስኮቱ ያያሉ። «ያማረ ቀሚስ ነው» አሉኝ። «ማን ሰፋላት?» መልስ ከመስጠቴ በፊት የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ ካውያዬን ሰማያዊው ቀሚስ ላይ ትቼው ወጥቻለሁ። መሀሉ ላይ የካውያ ቅርጽ ወጥቶበታል፤ እሱም ከእንግዲህ የማይሄድ፣ የማይመለስ ሆነ። ካውያውን ነቅዬ ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። ሞተሩ መታጠፊያው ላይ ደርሷል። እትዬ በአንድ እጇ ሞተረኛውን፣ በሌላው ቦርሳዋን ይዛለች። እስክትሰወር ድረስ አየኋት፤ ትከሻዋን አንዴም አልሳበችም።